ቤንዚን ስንት ገባ?

ባለፈው ሰሞን ማታ ከሥራ ወጥቼ መገናኛ ላይ አርባ ደቂቃ ያህል ተሰልፌ ታክሲ አገኘሁ። ታፔላው «ሜክሲኮ» ይላል። ገብተን ከሞላን በኋላ ረዳቱ በሩን ይዞ «እስከ ስታዲየም ብቻ ነው፤ የማይሆነው ይውረድ» አለ። ማንም አልወረደም። ማን ይወርዳል? ውጪ ያለው ሰልፍ እኛ ከመጣንበት ጊዜ በእጥፍ ረዝሟል። ስታዲየም ስንደርስ ወረድን፣ ሌላ ታክሲ ተጋፍተን ያዝን፣ እንደገና ከፈልን። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ሁሉ ስሙን ያውቀዋል፦ ማቆራረጥ።

ልብ በሉ፣ በዚያ ቀን ታሪፍ አልተጨመረም። መንግሥት ያወጣው ታሪፍ እዚያው መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። ኪሴ ግን ጨምሮ ከፍሏል።

ከረዳቱ ጋር ተጨቃጭቄ ነበርና ቤት ስገባ ንዴቴ አልበረደልኝም። አባቴ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ይሁን፣ ተሳድበሻል። ቤንዚን ስንት እንደገባ ግን ጠይቀሽዋል?» አለኝ።

ጥያቄዋ የአባቴ አይደለችም። ከእናቱ፣ ከአያቴ የወረሳት ናት። እንዴት እንደወረሳት ለመናገር ወደ የካቲት 1966 መመለስ አለብኝ።

*

የየካቲት 66ን ታሪክ ትምህርት ቤት ስንማር ታክሲ በአንድ መስመር ነው የሚያልፈው። «መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ታክሲ ነጂዎች፣ ወታደሮች...» ተብሎ ይዘረዘርና ወዲያው ወደ ደርግ እንሻገራለን። አባቴ ግን በዚያ መስመር ውስጥ አንዷን ሴይቼንቶ ይነዳ ነበር። ሴይቼንቶ ማለት ያቺ ትንሿ ፊያት ናት፤ ሰማያዊና ነጭ የተቀባችው። መኪናዋ የእሱ አልነበረችም። እሱ ነድቶ ለባለቤቱ በየቀኑ ገቢ ያስገባል፣ ቤንዚን ከራሱ ይሞላል፣ የተረፈውን ይዞ ይገባል። ዛሬም ብዙ ሹፌሮች የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው።

የነገሩ መነሻ ከአዲስ አበባ በጣም ይርቃል። መስከረም 26 ቀን 1966 በግብፅና በሶርያ በኩል ከእስራኤል ጋር ጦርነት ተነሳ። የዓረብ ነዳጅ አምራቾች ምርት ቀነሱ፣ ለአሜሪካና ለአንዳንድ አገሮች መሸጥ አቆሙ። ሦስት ዶላር ገደማ የነበረው የአንድ በርሜል ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ አሥራ ሁለት ዶላር ተጠጋ። ንጉሠ ነገሥቱ ጥቅምት 13 ቀን ከእስራኤል ጋር የነበረውን ግንኙነት አቋረጡ፤ የነዳጁ ዋጋ ግን በዲፕሎማሲ የሚመለስ አልሆነም። ኢትዮጵያ አሰብ ላይ ማጣሪያ ነበራት፤ ማጣሪያ ግን ድፍድፉን አያፈልቅም። ድፍድፉ በውጭ ምንዛሪ ይገዛል።

የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ መንግሥት የካቲት ላይ የቤንዚንን ዋጋ በ50 በመቶ ገደማ አሳደገ። በአንድ ጊዜ። ቀስ በቀስ የለ፣ ማስታወቂያ የለ።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር ያለው። ታክሲ ላይ መንግሥት የሚወስናቸው ሁለት ዋጋዎች አሉ። አንደኛው ሹፌሩ ማደያ ላይ የሚከፍለው ነው። ሁለተኛው ተሳፋሪው ለሹፌሩ የሚከፍለው ነው። የመጀመሪያውን አንስቶ ሁለተኛውን ባለበት ቢተወው በመሃል ክፍተት ይፈጠራል። ያ ክፍተት አየር ላይ አይቀርም፣ አንድ ሰው ላይ ይወድቃል። በየካቲት 66 የወደቀው ሹፌሩ ላይ ነው። የአባቴ ገቢ አልተቀነሰለትም፣ ታሪፉ አልተጨመረለትም፣ የተለወጠው ቤንዚኑ ብቻ ነበር። «ሲነጋ ተነስቼ ሲመሽ እስክገባ ነድቼ ለራሴ ምሳ የሚተርፈኝ ጠፋ» ይላል። «እኛ ያልነው ቀላል ነው፦ ወይ ቤንዚኑን መልሱ፣ ወይ ታሪፉን ልቀቁ።»

የካቲት 11 ቀን 1966፣ ሰኞ፣ የአዲስ አበባ ታክሲዎች ቆሙ።

*

በዚያው ቀን መምህራንም ሥራ አቁመዋል። የእነሱ ጥያቄ ደሞዝና «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ጥናት ነበር፤ ድሃውን ልጅ ከታችኛው ክፍል አስቀርቶ ወደ እርሻ የሚመልስ ነው ብለው ነበር የተቃወሙት። ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። የአንበሳ አውቶቡሶች በድንጋይ ተመቱ። አውቶቡሱ ላይ የተወረወረው ድንጋይ በአጋጣሚ አልነበረም። በአክሲዮን ኩባንያው ውስጥ የንጉሣውያን ቤተሰብ ትልቅ ድርሻ እንደነበረው ከተማው ያውቃል። ሰዉ በየቀኑ ሳንቲሙን ቆጥሮ የሚሰጠው ለማን እንደሆነ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

አያቴ ያን ጊዜ ሽሮ ሜዳ ጉሊት ነበራት። በሳምንት ሁለቴ መርካቶ ወርዳ ሽንኩርትና ቃሪያ ትገዛለች። ስትሄድ በአውቶቡስ ነው። ስትመለስ ሸክም ስላለባት ታክሲ ትይዛለች፤ ስሙኒዋን ለዚያ ብላ በመቀነቷ ጫፍ ትቋጥራለች። አድማው በጀመረ በሁለተኛው ይሁን በሦስተኛው ቀን መርካቶ ወርዳ መመለሻ አጣች። ታክሲ የለ፣ አውቶቡስ የለ። ሽንኩርቱን በጀርባዋ አዝላ ከመርካቶ ሽሮ ሜዳ ድረስ ወጣች። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ከሞላ ጎደል አቀበት ነው።

ማታ አባቴ ከአድመኞቹ ጋር ሲያወራ ውሎ በደስታ ቤት ሲገባ አያቴ እግሯን ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ነክራ ተቀምጣለች። «ከተማውን ቀጥ አደረግነው!» አላት። እሷም ቀና ብላ ሳታየው፣ «አዎ፣ እኔንም ቀጥ አድርጋችሁኛል። ደግሞ የምትጠይቁት ስሙኒዬን ሽልንግ ልታደርጉብኝ አይደል?» አለችው። ሽልንግ ሃምሳ ሳንቲም ናት።

አባቴ መልስ አልነበረውም። አሁን ሲነግረኝ እንኳ እዚህ ቦታ ላይ ሲደርስ ትንሽ ዝም ይላል። ምክንያቱም አያቴ ትክክል ነበረች። ታሪፉ ቢለቀቅ ክፍተቱ ከአባቴ ትከሻ ወርዶ የሚጫነው እሷ ላይ ነበር። በአንድ ቤት፣ በአንድ ጠረጴዛ የሚበሉ ሁለት ሰዎች፣ የአንዱ ጥያቄ የሌላው ዕዳ።

ከዚያ ግን ያልጠበቀውን ጠየቀችው፦ «ለመሆኑ ቤንዚኑ ስንት ገባ?»

ነገራት። የሚሞላውን፣ ለባለቤቱ የሚያስገባውን፣ የሚተርፈውን በጣቷ እየቆጠረች አሰላችው። ነጋዴ ናት፣ ሒሳብ አይጠፋትም። ስትጨርስ «እንዲህ ከሆነ እናንተም ልክ ናችሁ። እኔም ልክ ነኝ። ልክ ያልሆነ ሌላ ሰው አለ» አለች።

የየካቲት 66 ምሥጢር ለእኔ ይቺ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አለች። ታሪፍ ይጨመር የሚሉ ሹፌሮች ሲያድሙ፣ ጭማሪውን የሚከፍለው ሕዝብ በእነሱ ላይ መነሳት ነበረበት። አልተነሳም። ኑሮው አስቀድሞ ተወዷል፣ የወሎ ረሃብ ተደብቆ ከርሞ ወሬው ወጥቷል፣ ጥር 4 ቀን ነገሌ ቦረና ላይ ወታደሮች በምግብና በውኃ ጉዳይ አምፀው አዛዦቻቸውን ይዘዋል። ተሳፋሪና ሹፌር ስሙኒ መሃላቸው ተቀምጣ እርስ በርስ በመተያየት ፈንታ አንድ ላይ ቀና ብለው ወደ ላይ አዩ።

*

የካቲት 16 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ለሕዝብ ቀርበው ተናገሩ። የቤንዚን ዋጋ ተቀነሰ፣ ሴክተር ሪቪው እንዲቆይ ተደረገ፣ በመሠረታዊ ሸቀጦች ዋጋ ላይ ቁጥጥር እንደሚደረግ ተነገረ። መንግሥት ክፍተቱን መልሶ ራሱ ተሸከመ ማለት ነው። ከአሥር ቀን በፊት ቢሆን ይበቃ ነበር ይላል አባቴ። እኔ እንኳ አይመስለኝም፤ ረሃቡም የመሬቱም ጥያቄ በቤንዚን አይመለስም። ግን ሰዉ አንድ ነገር ተምሮ ነበር፦ ዋጋ ከሰማይ አይወርድም። ሰው ያወጣዋል፣ ሰው ይመልሰዋል። ዋጋ የሚመለስ ከሆነ ሌላውስ?

የካቲት 18 ቀን አስመራ ያለው ሁለተኛ ክፍለ ጦር አመፀ። የካቲት 20 ቀን የአክሊሉ ካቢኔ ሥራውን ለቀቀ። ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ተተኩ። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡ ራሳቸው ወረዱ። ታክሲ ዘውድ ጣለ እያልኩ አይደለም። የመጀመሪያዋ የተመለሰች ዋጋ ግን የቤንዚን ነበረች።

*

ከዚያ በኋላ የመጡት መንግሥታት ሁሉ ከየካቲት አንድ ትምህርት ወስደዋል ብዬ አምናለሁ፦ ነዳጅን በድንገት አትንካ። ችግሩ ክፍተቱን ሳይነኩት መደበቅን ነው የተማሩት። ያልተከፈለ ታሪፍ ደግሞ አይጠፋም። መልኩን ቀይሮ ይመጣል።

በደርግ ጊዜ መልኩ ሰልፍ ነበር። አንበሳ ተወረሰ፣ ዋጋው ዝቅ ብሎ ቆየ። ቤንዚን በኩፖን ሆነ። ዋጋው ርካሽ ነበር፣ አዎ፤ አውቶቡሱ ግን ሲመጣ ሞልቶ ነው፣ ያውም ከመጣ። አክስቴ በዚያን ዘመን ከሽሮ ሜዳ ቄራ ትሠራ ነበር። «ለአውቶቡሱ በሳንቲም እንከፍላለን፤ ለፌርማታው ግን በዕድሜያችን ነው የከፈልነው» ትላለች። በጎን ደግሞ ሰዎች ፊት ለፊት ተያይተው የሚቀመጡባቸው ከኋላቸው ክፍት የሆኑ ታክሲዎች ነበሩ። ከተማው በየቀበሌው በግድ ከሚቀመጥበት የውይይት ክበብ ጋር አመሳስሎ «ውይይት» አላቸው። ስም አወጣጥ ላይ አዲስ አበባ አይታማም።

ከ1983 በኋላ በሩ ተከፈተ። ሚኒባሱ ገባ፣ ሰልፉ ለተወሰነ ጊዜ ቀለለ። ነዳጁ ግን አሁንም በመንግሥት ዋጋ ነው የሚሸጠው። በ1993 የነዳጅ ዋጋ ማረጋጊያ ፈንድ ተቋቋመ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፦ የዓለም ዋጋ ሲወርድ ትርፉን አስቀምጥ፣ ሲወጣ ከተቀመጠው አውጥተህ ደጉም። ሆኖም ዋጋው ሲወርድ የሚጠራቀመው፣ ሲወጣ ከሚፈሰው ጋር አልተመጣጠነም። ፈንዱ ዕዳ ውስጥ ገባ፤ በ2014 ዕዳው ከ100 ቢሊዮን ብር በላይ ደርሶ ነበር። ለዓመታት እኔና እናንተ በርካሽ ስንሳፈር ልዩነቱ ደብተር ላይ ይጻፍ ነበር። መልኩ ዕዳ ሆነ።

ባቡሩንም አስታውሱት። መስከረም 9 ቀን 2008 ሥራ ሲጀምር ሁላችንም ተሻምተን ወጣንበት፤ ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። በዚያ ዋጋ ባቡሩን ማስኬድ እንደማይቻል የሚያውቅ ያውቅ ነበር። ድጎማ ይከፈል ማለት ራሱ ነውር አይደለም፤ በብዙ አገር የከተማ ባቡር በቲኬት ብቻ አይኖርም። ግን ትኬቱን ርካሽ አድርጎ የመለዋወጫውን ብርና የውጭ ምንዛሪ ካላዘጋጁ፣ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ አንድ በአንድ እየቆሙ ይሄዳሉ። እንደዚያው ሆነ። እዚህ ደግሞ መልኩ የቆመ ባቡር ነው።

*

በ2014 መንግሥት ለዓመታት የፈራውን ነገር ጀመረ። 36 ብር ከ87 ሳንቲም የነበረው የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። ከዚያም ደረጃ በደረጃ ቀጠለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ ነዳጅ የሚገዛበት ዶላር ራሱ ተወደደ። በ2017 አጋማሽ ላይ ቤንዚን በሊትር 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ። በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ሦስት እጥፍ መጠጋቱ ነው። የየካቲቱ ሃምሳ በመቶ ከዚህ ጋር ሲተያይ ልጅ ነው።

ታዲያ ከተማው ለምን አልቆመም? አባቴ ይህን ጥያቄ ሲወደው! መልሱ አንድ ብቻ አይደለም። አንደኛ፣ ጭማሪው ተከፋፍሎ መጣ። ሁለተኛ፣ «ታለመ ድጎማ» የሚባል ነገር አብሮ መጣ፤ የተመዘገቡ የሕዝብ ማመላለሻዎች በቴሌብር ሲቀዱ ከሌላው ያነሰ እንዲከፍሉ ተደረገ፣ ድጎማውም በየጊዜው እየቀነሰ እንዲሄድ ታሰበ። ሦስተኛ፣ ታሪፉም ከነዳጁ ኋላ እየተጎተተ ይስተካከላል። እውነቱን ለመናገር ይህ አካሄድ ከ66ቱ የተሻለ ነው። ሁለቱን ዋጋዎች አንድ ላይ ማሰብን ይሞክራል። ለቪ ስምንትም ለሚኒባስም እኩል ከመደጎም ለተሳፋሪው መደጎም ፍትሐዊ ነው።

ግን «ኋላ እየተጎተተ» የምትለዋን አትዝለሏት። ነዳጅ ሌሊት ይጨምራል፤ ታሪፉ ተጠንቶ፣ ተፈርሞ፣ ታትሞ እስኪለጠፍ ሳምንታት ያልፋሉ። በዚያ መሃል ሹፌሩ ምን ያድርግ? ታሪፍ ከጨመረ ይቀጣል። ስለዚህ ታሪፉን አይነካም፣ መንገዱን ይቆርጠዋል። ማደያ ተሰልፎ ያባከነው ግማሽ ቀን አለ፣ በማደያው ዋጋ ሲያጣ ከጎን በጀሪካን በውድ የገዛው አለ፣ የጎማው አለ፣ ያልተቀየረችው ገቢ አለች። ይሄ ሁሉ ታሪፉ ላይ አልተጻፈም። ታፔላው «ሜክሲኮ» ይላል፣ ታክሲው ስታዲየም ይቆማል። በወረቀት አንድ ብር ያልጨመረው ጉዞ በመንገድ ላይ እጥፍ ሆነ። ሪፖርት ላይ ግን የታሪፍ ጭማሪ ተብሎ የትም አይመዘገብም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ደግሞ ይሄ ነው። የዘንድሮው ክፍተት የሚወድቅበት ቦታ ተሳፋሪና ረዳት የሚገናኙባት ያቺ በር ናት። እዚያ ነው የምንጨቃጨቀው፣ የምንሰዳደበው፣ «መልስ አምጣ» «ዝርዝር የለኝም» የምንባባለው። ረዳቱ ብዙ ጊዜ ከሃያ ዓመት ያልዘለለ ልጅ ነው። ታሪፉን አላወጣም፣ ነዳጁን አልጨመረም፣ መኪናውም የእሱ አይደለም። እኔም እንደዚያው። ሁለት ምንም ያልወሰኑ ሰዎች ሌላ ቦታ ለተወሰነ ነገር እርስ በርስ እንቧጨራለን። አያቴና አባቴ በዚያች ማታ ሊያደርጉት ሲሉ የቀረላቸውን እኛ በየቀኑ እናደርገዋለን።

ይህን ስል ማቆራረጥ ልክ ነው ማለቴ አይደለም። ዝናብ ውስጥ ሕፃን አዝላ ስታዲየም ላይ የምትወርድ እናት የማንንም ክፍተት የመሸከም ዕዳ የለባትም። ግን ቅጣት ብቻውን ይህን አልፈታም። ቅጣቱን የሚከፍለው ሹፌር የቅጣቱን ገንዘብ የሚያወጣው ከየት ይመስላችኋል? ከእኔው፣ በሚቀጥለው ቀን። የሚያዋጣው ነዳጅ በጨመረበት ሌሊት ታሪፉም አብሮ ቢወጣ ነው። ጭማሪው ለአያቴ ዓይነቷ ሰው የማይቻል ከሆነ ልዩነቱን መንግሥት ራሱ በግልጽ ቢይዘውና መያዙን ቢናገር ነው። ክፍተት የለም እየተባለ ክፍተቱ በር ላይ ሲወድቅ ነው ሰው የሚጣላው።

*

አያቴ ከየካቲት በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ኖራለች። አባቴ ለሌላ ሰው መንዳት ትቶ በኋላ የራሱን መኪና ገዛ፣ ዓይኑ ሲደክም ሸጠው። እሷ ግን እስከ መጨረሻው የእሱን መኪና ሳይሆን ያገኘችውን ታክሲ ነበር የምትይዘው። ስትወርድ ገንዘቡን ከመቀነቷ ፈትታ በመዳፏ ትይዝና ከመስጠቷ በፊት ሁልጊዜ «ልጄ፣ ቤንዚን ስንት ገባ?» ትላለች። ሹፌሩ ይነግራታል። አንዳንዱ በዚያው የቤቱን ሁሉ ያወራታል። ከዚያ ትከፍላለች። ልጅ ሆኜ አብሬያት ስሄድ አፍር ነበር፤ ሰዉ ከኋላ ይገፋናል፣ እሷ በር ላይ ቆማ ታስላለች።

ከዚያ ማታ በኋላ በነገታው ያው መገናኛ፣ ያው ሰልፍ፣ ያው «እስከ ስታዲየም ብቻ»። ስወርድ ረዳቱን ጠየቅሁት። ልጁ ልሰድበው የመጣሁ መስሎት መጀመሪያ ፊቱን አኮሳተረ። ሁለተኛ ስጠይቀው ነገረኝ፤ ሹፌሩ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ማደያ ተሰልፎ ረፋድ ላይ እንደቀዳም ጨመረልኝ። ከኋላዬ የቆመችው ሴትዮ «ስንት አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ነገርኳት።